አዲስ የመጣ ያሠራል

የስምንት ወር ልጄን ከቀበርናት ሦስት ሳምንት ሆኖ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ማለዳ ከካዛንቺስ በእግሬ ወጣሁ። ቂርቆስ አካባቢ ሜዳ ላይ ስፖርት የሚሠሩ ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች አገኘሁና ከኋላ ተቀላቀልኩ። አሠልጣኝ የላቸውም፤ በየተራ እየወጡ ያሠራሉ።

"አዲሱ፣ ና ውጣ!" አለኝ ተረኛው፣ አንድ ግዙፍ ጎረምሳ። "እዚህ ቲፎዞ አንቀበልም። አዲስ የመጣ አንድ ያሠራል፤ ሕግ ነው።"

"እኔ ምንም አልችልም።"

"እቤትህ የምትሠራውን አሠራና!"

ሳቁ።

እቤቴ የምሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጄ አልተኛም ስትል ደረቴ ላይ አቅፌያት ቁጭ ብድግ እል ነበር። እንደዚያው እጆቼን አቅፌ ጀመርኩ። እነሱም አቅፈው ተከተሉኝ።

"አንድ! ሁለት! ሦስት!" እያሉ ጮኹ።

"ቀስ በሉ እንጂ፣ ትነቃለች!" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ቆጠራው ቆመ። የሳቀም የጠየቀም የለም። ሠላሳ ሰው በዝምታ ቁጭ ብድግ ማለቱን ቀጠለ።

ሲደክመኝ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ አስተኛኋት። ዞር ስል ሁሉም ጎንበስ ብለዋል። ግዙፉ ጎረምሳ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ጭንቅላቷን በመዳፉ ደግፎ፣ ሣሩ ላይ ቀስ አድርጎ እያስተኛት ነበር።