ብረት የሰፋችው እትዬ ሜትር

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ አንድም ሰው «ይሄ ሥራ ላንቺ አይሆንም» ብሏት አያውቅም። ወገቧ ሲጎብጥ፣ ያንኑ ሰማያዊ ኮሌታ ለሺህኛ ጊዜ ስትገለብጥ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በአርባ ሁለት ዓመቷ «የብረት ዕቃ ንድፍ ልማር ነው» ባለች ቀን ግን ዘመድ አዝማዱ በሙሉ አማካሪ ሆኖ ቁጭ አለ። እንዲህ ነን እኛ። ሰው በሥራው ሲሰለች አናይም፤ ሲነቃ ግን ዓይናችንን ይወጋናል።

ታላቅ እህቷ ቤቷ ድረስ መጥታ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ከልጅሽ እኩዮች ጋር ደብተር ይዘሽ ልትቀመጪ?»

«ደብተር ብቻ አይደለም፤ ማስመሪያም ገዝቻለሁ።»

«ትቀልጃለሽ!»

«አልቀለድኩም። እኔ የምወደው መስፋቱን አልነበረም። ጠፍጣፋው ጨርቅ እንዴት ትከሻ እንደሚሆን ቀድሞ ማሰቡን ነው። መስፋቱማ የእጅ ነገር ነው።»

«እና አሁን ምን ልትሰፊ ነው? ብረት?»

«እሱንም ከቻልኩ።»

እህትየዋ ይህን ይዛ በየቤቱ ዞረች። «ብረት ልትሰፋ ነው» እየተባለ ወር ሙሉ ተሳቀ። ባሏስ? እሱማ የሚስቀውና የሚያዝነው የቱ እንደሚበዛ አይቶ ወደ ብዙዎቹ ለማዘንበል ዝም ብሎ የሚጠብቅ ዓይነት ሰው ነው።

ሁለት ዓመት ቅዳሜና እሁድ ተማረች። ከዚያ ቁም ሣጥንና መደርደሪያ ከላሜራ የሚሠራ ድርጅት ንድፍ ክፍል ውስጥ ለሦስት ወር ሙከራ ገባች። ሙከራውን ካላለፈች መመለሻዋ ያው የስፌት መኪና ነው፤ ያውም እህቷ «ብዬሽ ነበር» እያለቻት።

ንድፍ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል፤ ክልከላው ክፍሉ ውስጥ ያሉትንም ይመለከት እንደሆነ ግን እንጃ። ታች ብረቱ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል። ከላይ ወደ ታች ወረቀት ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ ከጫጫታ በቀር የሚወጣ ነገር የለም። የክፍሉ ኃላፊ ቦታውን ከያዘ ስድስት ዓመት የሆነው ወጣት ኢንጂነር ነው፤ በነጭ ሸሚዙ ላይ አንዲት የቅባት ጠብታ አርፋ አታውቅም፤ ይህንንም እንደ ማዕረግ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያው ቀን ከቦርሳዋ የልብስ ሜትር ስታወጣ አየና «እትዬ ሜትር» ብሎ ሰየማት።

የመጀመሪያ ንድፏ የአንዲት ሣጥን ክዳን ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ነውና በአራቱም ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ለስፌት ትርፍ ተወች። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ኑ እዩ! ለላሜራ የስፌት ትርፍ ትተውለታል! እትዬ ሜትር፣ ክሩስ ምን ዓይነት ይሁንልዎ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስህተት ነው፤ ስህተት አይደለም ብዬ አልከራከርላትም። ግን ከሳቁት ውስጥ «ቆይ፣ ብረትስ ሲታጠፍ ምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የተሳቀባት ጠየቀች። ወረቀቷን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ማጠፊያ ማሽኑ ላይ ሠላሳ ዓመት የቆመ አንድ ሽበታም ሰው አለ።

«ጋሼ፣ ላሜራ ሲታጠፍ ያጥራል ወይስ ይረዝማል?»

ሰውየው ጓንቱን አወለቀ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ልንገርሽ። በውጭ በኩል ከለካሽው ይረዝማል። ይሄ ውፍረት በአንድ እጥፋት ሁለት ሚሊ ተኩል ገደማ ይጨምራል። ያንን ቀድሞ መቀነስ ነው። እነዚያ የላይኞቹ ግን የውጩን ልክ ደምረው እንዳለ ይልኩልኛል።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እሞርደዋለሁ። እንቢ ካለ መዶሻ አለ።»

«ለምን አይነግሯቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ ኢንጂነሩ የተሳሳተ ልክ ይፈርማል፣ ሰውየው ይሞርዳል፣ መሳቢያው ይገባል፣ ኢንጂነሩ ይመሰገናል። አንደኛው ለመጠየቅ ኮራ፣ ሌላኛው ለመናገር አኮረፈ። ሁለቱም ያናድዱኛል፤ ግን እኩል አይደለም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓቷ ከሰውየው ጋር ቁርጥራጭ ላሜራ አጠፈች። ከመታጠፉ በፊት ለካች፣ ከታጠፈ በኋላ ለካች፣ ጻፈች። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የስልሳ ቁም ሣጥን ትእዛዝ መጣ፤ ለክሊኒክ ነው፤ እያንዳንዱ አምስት መሳቢያ አለው። መሳቢያውን እንድትነድፍ ተሰጣት። ለየእጥፋቱ ቀንሳ አቀረበች። ኢንጂነሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና የቀነሰችውን ሁሉ መለሰው።

«ይህን ቁጥር ከየት አመጡት?»

«ከታች።»

«ከታች?» ከቆሻሻ መጣያ ያለችው ይመስል ፊቱን ቋጠረ። «ያረምኩትን ይገልብጡና ግርጌው ላይ ‹ነዳፊ› የሚለው ቦታ ይፈርሙ።»

«አልፈርምም።»

«ሙከራ ላይ መሆንዎን ረሱት?»

«አልረሳሁም። ሙከራ ከሆነ እንሞክረዋ! ከሁለቱም አንዳንድ ይቆረጥ፤ ሞረድ ሳይነካው ይታጠፍ። የእርስዎ ከገባ ዛሬውኑ ወደ መቀሴ እመለሳለሁ።»

ክርክሩን የሰማው ሥራ አስኪያጅ «ይታይ» ብሎ ሁሉንም ይዞ ወረደ። ሽበታሙ ሰው በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለውን ብቻ አደረገ፤ አንዲት ፀጉር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የኢንጂነሩ መሳቢያ የቁም ሣጥኑ አፍ ላይ ቀረ። ኢንጂነሩ በመዳፉ ገፋው። በጉልበቱ ገፋው። ሸሚዙ ቅባት ነካ። የእሷ መሳቢያ እጅ ኪስ ውስጥ እንደሚገባ ገባ።

«ብረት ተሰፋ!» አለ አንዱ በያጅ ከኋላ። ወሬው እስከዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

«ይሄማ የታወቀ ነገር ነው፤ መጽሐፍም ላይ አለ» አለ ኢንጂነሩ። አልዋሸም። መጽሐፉ ፎቅ ላይ መደርደሪያው ውስጥ አለ፤ የታሸገበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

«ሙከራሽን ጨርሰሻል፤ ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ» አላት ሥራ አስኪያጁ። አልዘለለችም፣ አላለቀሰችም። ወደ ፎቅ ወጥታ ንድፉን እንደ አዲስ ገለበጠች። ግርጌው ላይ ሦስት ቦታ አለ፤ ነዳፊ፣ መርማሪ፣ አጽዳቂ። ነዳፊ በሚለው የራሷን ስም ጻፈች። መርማሪ በሚለው የአንድ ሰው ስም ከነአያቱ ጻፈችና ታች ወርዳ አስፈረመችው። ከዚያ አጽዳቂው እንዲፈርም ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን አነሳና የመርማሪውን ስም አነበበ።

«ይሄ ደግሞ ማነው? እኛ ጋ ነው የሚሠራው?»

ስድስት ዓመት «አንተ ማጠፊያ» እያለ የሚጠራው ሰው ነበር።

«ደረጃው በዚያ በኩል ነው፣ ኢንጂነር» አለችው።