አክስቴና የቴሌቪዥኑ ጠበቃ

ነገሩ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። ነሐሴ በገባ ቁጥር ግን ትዝ ይለኝና ስፌት ላይ ሆኜ ብቻዬን እስቃለሁ። ደንበኞቼ "ምን ሆነች ይቺ?" ይላሉ። ከሳቁ ጋር ትንሽ እፍረትም አለችበት፤ እሷንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ይታይሽ ደግሞ ጉና ሥር ነው የሚኖሩት። ባላቸው ሲሞቱ የቀረቻቸው ገብስና ድንች የሚያበቅሉባት አንዲት ማሳ ናት። ቅዳሜ ለገበያ ይወርዱና እኔ ዘንድ ያድራሉ። እሑድ አስቀድሰን ስንመለስ ምሳ በልተን ቴሌቪዥን እንከፍታለን።

ያኔ እሑድ ከሰዓት የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ ስለ አንድ ጠበቃ። ክራቫቱ የተጣመመ፣ ወረቀቱ ሁልጊዜ የሚጠፋበት ሰውዬ ነው። ችሎት ፊት ኪሱን ሲዳብስ ሰው ሁሉ ይስቅበታል፤ ምስክሩም ይንቀውና ዘና ይላል። ከዚያ ስለ ምሳ፣ ስለ ጫማ፣ ስለማይረባ ነገር እየጠየቀ ያጫውተዋል። ምስክሩ ሳያስበው ራሱን አጋልጦ ቁጭ። ጠበቃው ግን "አያችሁ?" አይልም፤ "ጨርሻለሁ" ብሎ ይቀመጣል።

አክስቴ በዚህ ድራማ ቀልድ አያውቁም። የድራማው ዳኛ ወደ ችሎት ሲገባ ከበርጩማቸው ብድግ ይላሉ።

"አክስቴ፣ ቴሌቪዥን እኮ ነው፤ አያይዎትም" ስላቸው፣ "አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ ዳኛ ሲገባ ተቀምጬ አላውቅም" ይሉኛል። ዳኛው ሳይፈርድ እሳቸው ይፈርዳሉ። ምስክሩ አፉን ሲከፍት "ይዋሻል፣ ዓይኑን እዪው" ይላሉ። ጎረቤቶቼ ድራማውን ትተው እሳቸውን ለማየት ይመጡ ጀመር።

አንድ ቀን የጠበቃው ምኑ እንዲህ እንደሚያስደስታቸው ጠየቅኳቸው።

"አባቴን ይመስለኛል" አሉ። "አባቴ ሲሟገት አገር ሥራ ፈቶ ይሰማው ነበር። እያሳቀ ነው የሚረታ። ውሸታም ሲፈራ ይጠነቀቃል፤ ሲስቅ ይረሳል።"

በዚያው ዓመት ጎረቤታቸው የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ወደ ማሳቸው ገፋው። ግማሹን መሬት ወሰደባቸው ማለት ነው። የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ቢከሱት ሰውዬው አንድ ነገር ፈጠረ፦ "ደብተሩ ከተሰጠ በኋላ ባላቸው በሽማግሌ ታርቆ፣ ወሰኑን በፈቃዱ አስተካክሎልኛል" አለ። ደብተሩ የተሰጠው ሰኔ ላይ ነው፤ ባላቸው የሞቱት በተከታዩ መስከረም ላይ። በመካከል ያለው ክረምት ብቻ ነው። ታረቁበት የተባሉት ሽማግሌዎችም በሕይወት የሉም።

እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። "ጠበቃ እናቁም" ብዬ ብለምናቸው፣ "ጠበቃማ አለኝ፤ እሑድ እሑድ ከአንቺ ቤት አገኘው የለም እንዴ?" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያቺ ማሳ ከሄደች አክስቴ የሰው እጅ ማየታቸው ነው።

የቀጠሮው ቀን ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ዳኛዋ ሲገቡ ከሁሉ ቀድመው የተነሡት አክስቴ ናቸው።

የተከሳሹ ምስክር ሞላ የሚባል የአጎቱ ልጅ ነው። ምሎ ቀረበ። "ሽማግሌዎቹ አርፈዋል። እኔ ግን በእርቁ ቀን ሳስተናግድ ነበርኩ፤ ነሐሴ ስምንት ቀን ነው። ሟቹ በፈቃዳቸው ድንጋዩን አስነሡ" አለ። በደንብ አስጠንተውታል፤ በአንድ ቃል እንኳ አልተደናቀፈም።

ዳኛዋ ጥያቄ እንዳላቸው አክስቴን ጠየቋቸው። አክስቴ ተነሡና ነጠላቸውን መዳበስ ጀመሩ። ጫፉን ፈቱ፣ ቋጠሩ፣ መቀነታቸውን በረበሩ። ያንን ጠበቃ ቁርጥ! ሰው መሳቅ ጀመረ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው አስተማሪ ደንበኛዬ ናት። "ዘመድሽ ናቸው?" አለችኝ።

"አይ፣ የሰፈር ሰው ናቸው" አልኳት።

አክስቴ በመጨረሻ የሚፈልጉት እንደጠፋባቸው ሆነው ቀና አሉ።

"ሞላ፣ ልጄ፣ እርቅ ነው ያልከው?"

"አዎ፣ እርቅ ነው።"

"በደረቁ?"

ሰው ሳቀ። ሞላም ፈገግ አለ። በእኛ አገር ሽማግሌ አስታርቆ በግ ሳይታረድ አይነሣም። "በደረቁማ ምን እርቅ አለ እትዬ! በግ ታርዷል እንጂ" አለ።

"ማን አረደው?"

"እኔ ነኛ።"

"ከሲታ ነበር ይሆናል።"

"ኧረ ሙክት ነው! ጮማው ይሄን ያህላል" ብሎ በጣቱ ለካ።

"አንተ ስታስተናግድ ሳይደርስህ ቀረ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ።"

"ጠግቤ ነው የበላሁ።"

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "እናቴ፣ ወደ ጉዳዩ ይግቡ እንጂ" አሉ።

"ይቅርታ፣ የተከበረው ፍርድ ቤት። አንድ ብቻ ቀረኝ። አርጅቻለሁና ቀኑ ጠፋኝ፤ ይድገምልኝ።"

"ነሐሴ ስምንት" አለ ሞላ ኮራ ብሎ።

"ጨርሻለሁ" አሉና አክስቴ ተቀመጡ።

ለአፍታ ማንም አልገባውም። ከዚያ ከመካከል አንድ ሰው "በፍልሰታ?" አለ። ሕፃን ልጅ እንኳ በሚጾመው ጾም! የሞላ የንስሐ አባት ክርክሩን ሊሰሙ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩት።

ሞላ አመድ መሰለ። ዳኛዋን ትቶ ወደ ቄሱ ዞረ። "አባ፣ አልበላሁም" አለ።

"አሁን ጠግቤ በላሁ ብለሃል" አሉ ዳኛዋ።

"አልበላሁም። ከተወለድኩ በፍልሰታ ሥጋ ቀምሼ አላውቅም።"

"የታረደው በግስ?"

"በግም የለም።"

"እርቁስ?"

ሞላ ቄሱን አየ፣ የአጎቱን ልጅ አየ። "እርቅም አልነበረም" አለ ቀስ ብሎ።

በሐሰት መማል አልከበደውም ነበር። ጾም ሻረ መባልን ግን አልቻለውም። አክስቴ ይህን ያውቁ ነበር፤ በአንድ መንደር አብረውት የኖሩ ናቸዋ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ተፈረደላቸው፤ ድንጋዩም ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ የማልረሳው ግን የዚያኑ ቀን ከችሎት ስንወጣ የሆነውን ነው። ሰው አክስቴን ከብቦ እጃቸውን ይስማል። እኔም ሰዉን እየገፋሁ ገብቼ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ።

"አክስቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ እህት" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

አስተማሪዋ ከኋላዬ ነበረች። "ቅድም የሰፈር ሰው ናቸው አላልሽኝም?"

"ቅድም አላውቃቸውም ነበር" አልኳት።

ድራማው ካለቀ ቆይቷል፤ አንዳንድ እሑድ ግን ይደግሙታል። አክስቴ ጠበቃውን አሁን እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የሚያዩት። ሲረታ "ጎሽ" ይሉታል፤ ለመርታት የሚሄድበት መንገድ ከረዘመባቸው "ምን ያንዛዛዋል፣ የበላውን አይጠይቀውም?" ብለው ይቆጣሉ። እኔ ደግሞ ያቺን "የሰፈር ሰው" ያልኳትን ቃል እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ብቻ ዳኛው ሲገባ እሳቸው ከበርጩማቸው ይነሣሉ፤ እኔም የቡና ስኒዬን አስቀምጬ አብሬያቸው ብድግ እላለሁ።