ወንድሜ ያወረደው ቅንፍ

ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ የተሸረፈው የፊት ጥርሴ ይጠዘጥዘኛል። ያኔ ወሰን ሰፈር ያለው የአባቴ ጋራዥ ከነግሪስ ሽታው ይመጣብኛል። ጥርሴን የሰበረው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ምክንያቱን ብነግርህ ትስቃለህ።

በጋራዡ ጥግ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ክፍል፣ ለሁለታችን አንድ ላፕቶፕ ነበረችን። ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ ኮድ እንጽፍ ነበር። ትእዛዞቹን የሚያቅፈውን ቅንፍ እኔ እዚያው መስመሩ ጫፍ ላይ እከፍተዋለሁ፤ እሱ ደግሞ አውርዶ ለብቻው መስመር ይሰጠዋል። "ይተንፍስበት" ይል ነበር። ልክ እኔ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ። ተረኛው የሌላውን ቅንፍ ሳያስተካክል ሥራ አይጀምርም። በዚሁ ሰበብ ያልተወራወርነው ዕቃ የለም።

አንድ ቅዳሜ ባለፋርማሲዋ ጎረቤታችን የሠራንላትን የመድኃኒት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ልታይ መጣች። የመጀመሪያ ደንበኛችን ናት፤ ከወደደችው አብረን ቢሮ ልንከፍት ተማምለናል። ወንድሜ ግን ጠዋቱን ሙሉ ቅንፎቼን ሲያወርድ አንዱን አጥፍቶት ኖሮ ፕሮግራሙ አልነሳ አለ።

"ቅንፍ አውራጅ ደደብ" አልኩት፣ በእሷ ፊት።

መፍቻ አንስቶ አፌን አለኝ። ደሙ እንደ ብረት ጣመኝ። አንገቱን አንቄ ጭንቅላቱን ከቆርቆሮው ጋር አላጋሁት፤ ላፕቶፗ ወደቀች፣ ሴትዮዋ ጮኸች። እሱ ሆዴን በጉልበቱ ሲመታኝ እኔ ጆሮውን ነክሼ ይዣለሁ። አባታችን የመኪና ማጠቢያውን ውሃ ለቆብን ነው የተላቀቅነው።

"በምን ተጣላችሁ?"

"በቅንፍ።"

"በምን?"

ወንድሜ ጆሮውን ይዞ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫካ ወጣ። ሲመሽ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰና "ያንተ ይሁን" አለኝ። ዳግመኛ ኮድ አልጻፈም። የጠፋውን ቅንፍ መልሼ ሥራውን ብቻዬን አስረከብኩ፤ እሱ ያወረዳቸውን ግን ለመንካት አንጀቴ እንቢ አለኝ።

ዛሬ እሱ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ለበዓል ብቻ እንገናኛለን። ቅንፉን ደግሞ ማሽኑ ራሱ ያሰልፈዋል፤ የሚደባደብበት የለም። ባለፈው ሳምንት ባለፋርማሲዋ አዲስ ነገር እንድጨምርላት ጠየቀችኝ። ፋይሉን ስከፍተው ወንድሜ ናፈቀኝ። ማሰለፊያውን አጥፍቼ አዲሱን ሁሉ በእሱ አጻጻፍ ጽፌ ስጨርስ ደወልኩለት።

"ቅንፉን አወረድኩት፣ እንዳንተ።"

ከኋላው ሞተሩ ያጓራል።

"የምን ቅንፍ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት፣ "መንገዱ እንዴት ነው?"