የሐሙስ እንግዳ

በሚዛን አማን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የቤተሰብ ምክር ቢሮ የምትሠራው ወሰንየለሽ ሰውየውን የምታውቀው በሐሙስ ቀጠሮው ነው። ከሸኮ መጣሁ ይላል። በር ላይ የቦቲ ጫማውን ቀይ ጭቃ በሣር ይጠርጋል፤ የዝናብ ካፖርቱን እስከ አንገቱ እንደቆለፈ ይገባና ለሚስቱና ለሦስት ልጆቹ ወንበር አስተካክሎ፣ እሱ በሩ ሥር ይቀመጣል። ማንም አይመጣም። «መንገዱ ጭቃ ሆኖባቸው ነው» ይላል ሁልጊዜ፣ በበጋም ጭምር።

ዛሬ ወረቀት ሰጠችውና፣ «ቤት ውስጥ ስትሆኑ ማን የት እንደሚቀመጥ ይሣሉልኝ» አለችው። ሚስቱን ምድጃው አጠገብ፣ ልጆቹን ወደ እናታቸው አስጠግቶ ሣለ። ለራሱ ግን ምንም አልሣለም።

«እርስዎስ የት ነዎት?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ከቤት ከወጣሁ አምስት ዓመቴ ነው፣ እህቴ። ትንሿ ያኔ ገና መዳኽዋ ነበር። አሁን የት እንደምትቀመጥ እንኳ በግምት ነው የሣልኩት።»

ሰውየው ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ገፋው።

«አንቺ ብትሄጂ በር ይከፍቱልሻል» አላት። «ለእኔ የተረፈ ቦታ ካለ ጠይቂልኝ።»