ያልተጠራ ደቦ

እናቴ ሞጣ ላይ የተከራየቻቸውን ቤቶች ልቁጠር ብትል ጣቶቿ አይበቋትም። አንዱ አከራይ ልጄን ልድር ነው ብሎ ያስወጣታል፣ ሌላዋ ውኃ ታበዣለሽ ብላ ስትነጫነጭባት ትውላለች። እኔ ያደግሁት ዕቃችን ጋሪ ላይ ሲጫን እያየሁ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን የምስማሩ ነገር ነበር። በሰው ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ስለማይፈቀድላት ነጠላዋን ዕድሜዋን ሙሉ በወንበር መደገፊያ ላይ ነው ያኖረችው።

ቢቸና ሥራ ይዤ ጥቂት ዓመት ከቆጠብኩ በኋላ እዚያው ቤት ልገዛ ተነሣሁ። ለራሴ አልነበረም። እናቴ የራሷ ግድግዳ እንዲኖራት፣ ደስ ባላት ቦታ ምስማር እንድትመታ ነበር።

በእኔ አቅም የሚገዛው ቤት ሰው ሁሉ አይቶ የተመለሰበት ቤት ነበር። ቆርቆሮው ዝጎ ቀልቷል። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋው ኮርኒስ በአይጥ ሽንት ተዥጎርጉሯል። ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ ማገሩ እንደ ከሲታ በግ ጎድን ይታያል። ሻጩ ወደ አጥሩ እያየ፣ “ትንሽ እድሳት ነው የሚፈልገው” አለኝ። አመንኩት። ማመን ወጪ አልነበረውም።

የመሥሪያ ቤት ሥራዬ ግዥ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ፣ ዝቅተኛውን ዋጋ እመርጣለሁ፣ እፈርማለሁ። ቤቱንም በዚሁ አያያዝ ያዝኩት። የባሰባቸውን ቆርቆሮዎች ብቻ መርጬ ቀየርኩ። ምስጥ የጨረሳቸውን ቋሚዎች አስወጥቼ በደረቅ ባሕር ዛፍ ተካሁ። በርና መስኮቱን ከፈረሰ ቤት ገዛሁ። የቀረኝ ምርጊቱ ብቻ ነበር። አፈሩን ከግቢው አስቆፍሬ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር አስቦክቼ፣ እንዲብላላ ከነውኃው ተውኩት። በሳምንቱ ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ።

በዚያ ሰፈር ምርጊት በደቦ ነው። ባለቤቱ ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል። ጎረቤት አሮጌ ልብሱን ለብሶ ይመጣና ጭቃውን ረግጦ፣ ግድግዳውን መርጎ፣ በልቶ ጠጥቶ በአንድ ቀን ይጨርሳል። እኔም ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ለዚያ ሁሉ ሰው ከሚወጣው ድግስ ሁለት የቀን ሠራተኛ ይረክሳል። ለኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤቴ ሽታው ጠርቷቸው ብቅ አሉ።

“ጭቃው ደርሷል ልጄ። መቼ ነው የምትጠራን?”

“እናንተን ለምን አስቸግራለሁ አባባ፤ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ።”

“ተቸገርን ያለህ ማን ነው?”

“የለም፣ ማለቴ… ሥራችሁን እንዳላስፈታችሁ ብዬ ነው።”

ጭቃውን ትንሽ አይተው፣ “እንግዲህ ይቅናህ” አሉና ገቡ። እንደ ምርቃት ተቀበልኩት። እንዲህ ያለ ደንቆሮ ነበርኩ።

ግድግዳው አማረ። እናቴን ከሞጣ አመጣኋት። ዕቃዋ ከመኪና ሳይወርድ ምስማር ጠየቀችኝ። በድንጋይ ቀጥቅጣ መታችውና ነጠላዋን ሰቅላ፣ ራቅ ብላ ቆማ አየችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

“ምርጊቱ እንዴት ያምራል! ማን መረገው?” አለችኝ።

“ሁለት የቀን ሠራተኞች።”

“ጎረቤቶቹስ?”

“አላስቸገርኳቸውም።”

ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠችው። “ለእኔ ብለህ ነው ቤቱን የሠራኸው?”

“ለአንቺ ነዋ።”

“ለእኔ ከሆነማ ትጠይቀኝ ነበር። ጠላውን እኔ መጥቼ እጠምቀው ነበር።”

አዲስ ቤት ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ “ቤት ለእምቦሳ” ይላል፤ ባለቤቱም “እምቦሳ እሰሩ” ብሎ ይቀበላል። እናቴ ይህን መልስ የምትሰጥበትን ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች። ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የሚመጣ የለም። በማርያም ዕለት ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ቤት ለቤት እንድጠራ ላከችኝ። ሁሉም በትሕትና “እንመጣለን” አሉኝ። ሁለት ሴቶች መጥተው ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ሥራ አለብን ብለው ተመለሱ። የቀረው ጠላ ኮመጠጠ።

እስከ ዛሬ እናደድባቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አሮጊቷ ምን አደረገቻቸው? ግን ክፉ አልተናገሩንም፣ ሰላምታ አልነፈጉንም። ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እነሱም እንደ ቃሌ ተዉኝ።

እናቴ ሦስት ወር ታገሠች። ከዚያ ነጠላዋን ከምስማሩ አውርዳ ሞጣ መልሰኝ አለች። የምትመለሰው በውኃ ወደምትነዘንዛት አከራይ ቤት ነበር።

“እዚያ ደግሞ መጨቅጨቅ ነው” አልኳት።

“ብትጨቀጭቀኝም ታናግረኛለች” አለችኝ።

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት።

በዓመቱ የሽማግሌው ጎረቤቴ ግድግዳ በክረምቱ ረገፈና ደቦ ጠሩ። እኔን አልጠሩኝም። ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ፣ አሮጌ ሱሪ ለብሼ ሳልጠራ ሄድኩ። ወደ ጭቃው ስጠጋ አንዱ ክንዴን በቀስታ ይዞ ወደ አግዳሚው መራኝ።

“አንተ የቢሮ ሰው ነህ፣ ትቆሽሻለህ” አለኝ።

ጠላ ቀዱልኝ። በላይ በላዩ “ጠጣ እንጂ፣ ተጫወት” ይሉኛል። ሰው ሁሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲሳሳቅ እኔ እንደ እንግዳ ተቀምጬ ዋልኩ። እጄን መታጠብ እንኳ ሳያስፈልገኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እናቴ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ጤንነቴን ከመጠየቋ በፊት፣ “ማን መጣ?” ትላለች። ማንም አልመጣም እላታለሁ። ባለፈው ግን አልቻልኩም፤ ተመልሳ እንድትመጣልኝ ስለፈለግሁ ዋሸሁ።

“ጎረቤቶች መጥተው ነበር እማ። ቤት ለእምቦሳ ብለው ገቡ።”

ድምፅዋ ወዲያው የልጅ ድምፅ ሆነ። “እሰይ! ምን አቀመስካቸው?”

ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። ሳስበው የኖርኩት ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ማቅመስ አልነበረም። መልሴ ሲዘገይባት እንደዋሸሁ ገባት። ከዚያ ሞጣ ላይ ዝናቡ እንደበረታ ትነግረኝ ጀመር።