በንዳድ አፍ የሰማሁት «ሞያ»

ከባለቤቴ ከዋለ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ላም ማለብ ነው። እሱ ጥጃዋን ያዘልኝ፣ እኔ አለብሁ። ማታውኑ ንዳድ ጣለው። በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ የተኛው ውሃ ሸሽቶ ትንኙ በሚበዛበት በጥቅምት ወር ነበር። ያን ጊዜ ወረታ ውስጥ ንዳድ ሰው ያልወሰደበት ቤት ጥቂት ነው። እኔ ግን ከሞቱ ሌላ አንዲት ቃል ስለተወብኝ አልረሳውም።

ዋለ ሳያገባኝ በፊት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወርዶ ጥጥ ለቅሟል። ስለዚያ ዘመን ስጠይቀው «ፀሐይ ነው፣ ሌላ ምን አለው» ብሎ ይዘጋብኛል። ሴት እንዳለችበት እጠረጥር ነበር።

ትኩሳቱ ሲበረታ አእምሮውን ሳተ። ከንፈሩን በውሃ አረጥበዋለሁ፤ ዋጥ ያደርግና «ሞያ... ሞያ» ይላል። ሲያርፍም አፉ ላይ የነበረችው ይህችው ቃል ናት።

ለቅሶው ላይ እህቱ አንጓች ልታጽናናኝ ብላ፣

«ታድለሽ! በጣር ላይ እንኳ ሞያሽን ነው የጠራ» አለችኝ።

«ሞያሽ አላለም። ሞያ ነው ያለው» አልኋት።

«ኧረ አንቺ! ደግሞ በሙት ይቀናል?»

አዎ፣ ቀናሁ። አባቴ ፊደል አስቆጥሮኛል፤ አንዲት «ሽ» መቅረቷ ምን ማለት እንደሆነ አላጣውም። የእኔ ወጥና የእኔ ጠላ እዚህ እያለ የሌላ ሴት ሞያ ትዝ ብሎት ሞተ ብዬ ተቃጠልሁ። የተዝካሩን ድግስ እንኳ ያሳመርሁት በእልህ ነበር፤ ያቺ ሴት ከዳር ቆማ የምታየኝ ይመስል።

በዓመቱ በበጋ፣ ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና ከቤቴ ፊት ተበላሸ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ በራፌን ተደግፈው «ሞያ፣ ሞያ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «የኔን ሞያ ደግሞ ምን ብለው ነው የሚጠይቁኝ?» ብዬ ጮህሁ።

ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ። «እትዬ፣ ውሃ ነው የሚሉሽ! በዓረብኛ ሞያ ውሃ ነው። በኛ በትግርኛም ማይ ነው።»

ማይ! ዳዊት ስደግም በግዕዙ ስንት ጊዜ ያለፍሁበት ቃል ነው። በቅል ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ሲጠጡ ጉሮሯቸውን አየሁት። ዋለም ውሃ ነበር የለመነኝ፤ እኔም ስሰጠው ነበር። በዚህስ ተጽናናሁ።

ቅናቱ ግን አልወጣልኝም። ዋለ ውሃ ማለትን ከእናቱ ነው የተማረ፤ ከእኔ ጋር ሲኖርም ሲጠማው «ውሃ ስጭኝ» ነው የሚለኝ። በሞት አፋፍ ላይ ያን ትቶ የገዳሪፉን ቃል ከጠራ፣ እዚያ በጥም ሲቃጠል ያጠጣው ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ወንድ ይሁን ሴት የሚነግረኝ የለም።

አሁን ከመተማ በኩል የሚመጣ መንገደኛ በራፌ ሲደርስ ውሃ እሰጠዋለሁ፤ አንድ የዓረብኛ ቃልም እጠይቀዋለሁ። ጨው፣ እሳትና ሌሊት ምን እንደሚባሉ አውቄያለሁ። ሴት የሚለውን እስካሁን አልጠየቅሁም።