ከዋንዛ የቀረጽኳቸው የጃፓን አማልክት

ሚዛን አማን ከተማ ውስጥ ጋሽ ወልዴ የእንጨት ሥራ ቤት የገባሁ ዕለት መሮ አልተሰጠኝም። ጋሽ ወልዴ መጥረጊያ አቀበሉኝና «መጀመሪያ እንጨት አሽትት። ዋንዛውን ከቀረሮው በአፍንጫህ ስትለይ መሣሪያ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

እሳቸው ሲያርፉ ቤቱን ተረከብኩ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በር፣ የሬሳ ሣጥን። ሚዛን ውስጥ እኔ የሠራሁት አልጋ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው ብዬ እኩራራለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ አልጋ መሥራት ይሰለቻል። እጄ ሌላ ነገር ያምረው ነበር፤ የሚያዘኝ ሰው ግን አልነበረም።

ያዘዘኝ ጃፓናዊ ቡና ገዢ ነው። ከሸኮ ቡና የሚወስድ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው። ሳሙኤል የሚባል የአገራችን ልጅ ያስተረጉምለታል። ሰውየው ፎቶ አሳየኝ፤ ሰባት ትንንሽ የእንጨት ምስሎች፣ በአገሩ መልካም ዕድል ይሰጣሉ የሚባሉ አማልክት። አንዱ ጆንያ ተሸክሟል፣ አንዱ ዓሣ ታቅፏል፣ አንዱ ቦርጩን ገልጦ ይስቃል።

«ለቡናው ጥላ ከሆነው ዋንዛ እንዲቀረጹለት ይፈልጋል፤ ቡና ቤቱ ውስጥ ሊደረድራቸው ነው» አለ ሳሙኤል።

«ጆንያ የሚሸከም አምላክ? ይሄስ ለእኛ አገር ይሆናል፤ እዚህ ሁሉም ተሸካሚ ነው» አልኩ።

ሲተረጎምለት ሰውየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ግንዱን ጫፍ ጫፉን እበት ለቅልቄ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ቅርጹን በመጥረቢያ አወጣሁ፣ በመሮ ፈለፈልኩ፣ ፊታቸውን በቢላዋ ጫፍ ሠራሁ። ከሰባቱ አንዷ ሴት ናት፤ የማላውቀው ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይዛለች። ክራር አስያዝኳት። ፊቷም በፎቶው ላይ አልታይ ስላለኝ የልጄን የምሕረትን ፊት ሰጠኋት። ምሕረት በቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ናት፤ ምስሎቹን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰችው እሷ ነበረች። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

የምሕረት ሠርግ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሥራ ቤቴ መጡ። ዋናው ሽማግሌ ወንድም ታደሰ ምስሎቹን የደረደርኩበትን መደርደሪያ አየና ተቀመጥ ስለው እንቢ አለ።

«ጣዖት ትቀርጻለህ ይባላል።»

«አልሰግድላቸውም እኮ ወንድም ታደሰ። አልጋም ስሠራ አልተኛበትም።»

«አትቀልድ። በጉባኤው ፊት በገዛ እጅህ ካላቃጠልካቸው ልጅህ በቤተ ክርስቲያናችን አትዳርም።»

የሙሽራው ወላጆችም የዚያው ጉባኤ አባላት ናቸው። ሠርጉ ከቀረ ልጄ የሰው መጠቋቆሚያ ትሆናለች ብዬ ፈራሁ። እሷን ሳላማክር እሺ አልኩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ከመርኳቸው። ነዳጅ አላስፈለገም፤ በወጉ የደረቀ ዋንዛ ነው። ክብሪቱን እኔ ጫርኩ። ሕዝቡ «ሃሌሉያ!» አለ። ምሕረት ከመዘምራኑ መካከል ቆማለች፤ አልዘመረችም። ቤት ስንደርስ «አባዬ፣ ክራር የያዘችውን እንኳን ብትተዋት ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ሠርጉ ተሠረገ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ መድረክና አግዳሚ ወንበር ሲያሠራ ሥራውን ከቴፒ ላመጡት አናጺ ሰጡት። ወንድም ታደሰን ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

«ጣዖት የቀረጸ እጅ ነው ብሎ ምእመኑ ቅር ይለዋል፤ ተረዳን እንጂ ወንድሜ» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። ትከሻዬን ባይነካኝ ይሻል ነበር። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ ቀረሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጃፓናዊው ምስሎቹን ሊወስድ ተመልሶ ሲመጣ የሆነውን ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። በኋላ ሳሙኤል «ጋሼ፣ እንደገና ይሠሩልኛል ወይ ይላል» አለኝ። ሞከርኩ። የሚስቀውን ፊት ስጀምር የሚስቀው በእኔ ይመስለኛል፤ ተውኩት። አሁን አልጋ እሠራለሁ።

ለወጣት አናጺዎች የምላችሁ ይህን ነው። የሠራችሁትን ማቃጠል የሚፈልግ ሰው ከመጣ ክብሪቱን ራሱ ይጫር። እናንተ አትጫሩለት።